ሁለት ዓይነት ቀፎ፣ ሁለት ሜዲያን፦ ከማር መዝገብ ተነሥቶ የማወዳደር ዝርዝር መመሪያ

አባቴ ንብ አናቢ ነው። ቤታችን ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ከጣራው ሥርና ከጓሮው ግራር ላይ ከቀርከሃ ተሠርተው በእበት የተለሰኑ ባህላዊ ቀፎዎች ተሰቅለዋል፤ ከአጥሩ ጥግ ደግሞ በእግር ላይ የቆሙ፣ ቁጥር የተቀባባቸው፣ ሳጥን የሚመስሉ ዘመናዊ ቀፎዎች አሉ። ኅዳር ላይ ማር ተቆርጦ ሲያበቃ ጠራኝና «ለመሆኑ የትኛው ነው የሚያዋጣኝ? ያን ሒሳብህን አምጣና ንገረኝ እስቲ» አለኝ። የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነኝና በአምስት ደቂቃ የምመልሰው መሰለኝ።

ስሌቱ እውነትም አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከስሌቱ በፊት ያለው ግን ሁለት ቀን ወሰደብኝ፤ አንድ ጊዜም ተሳስቼ መልሼ ሠራሁት። ይህ መመሪያ ያንኑ መንገድ ከነስሕተቱ ይከተላል። የቀፎዎቹን ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ አስተካክያቸዋለሁ፤ የጎጃም ቀፎ ይህን ያህል ማር ይሰጣል ብሎ የሚጠቅሳቸው ሰው እንዳይኖር አደራ።

ሜዲያን ምንድን ነው?

ቁጥሮች ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲሰለፉ ልክ መሀል ላይ የሚውለው ሜዲያን ይባላል። ተማሪዎች ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል በቁመት ተሰልፈው ይታያችሁ፤ ከፊት አጭሩ፣ ከኋላ ረጅሙ። መሀል ላይ የቆመው ልጅ ቁመት የሰልፉ ሜዲያን ነው፤ ከፊቱ ያሉት ልጆች ቁጥር ከኋላው ካሉት ጋር እኩል ነው። አሁን የመጨረሻውን ልጅ አውጡና በቦታው አንድ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች አቁሙ። የመሀሉ ልጅ ንቅንቅ አይልም። አማካዩ ግን፣ ማለትም ሁሉም ተደምሮ ለሰው ቁጥር ሲካፈል የሚገኘው፣ ወደ ላይ ይሳባል። በሁለቱ መካከል ያለው ዋናው ልዩነት ይኸው ነው፤ ቀሪውን ማሩ ራሱ ያሳየናል።

አንደኛ፦ ጥያቄውን ጻፉት

«የትኛው ያዋጣል?» ገና ያልተፈጨ እህል ነው። ስለ ገንዘብ ነው? ስለ ድካም? ስለ ማሩ ብዛት? እኔ ደብተሩ ራስ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «አንድ ባህላዊ ቀፎ በአንድ ቆረጣ ስንት ኪሎ የተጣራ ማር ይሰጣል? አንድ ዘመናዊ ቀፎስ?» ይህን መጻፍ ትንሽ ነገር ይመስላል። ወደ ታች ስንወርድ ግን ዜሮ ይቆጠር አይቆጠር የሚለውን የሚወስነው እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር መሆኑን እናያለን።

ሁለተኛ፦ ሚዛኑን አንድ አድርጉት

ባህላዊ ቀፎ ሲቆረጥ ማሩ ከነሰፈፉ ነው የሚወጣው። የማር እንጀራው፣ የአበባ ዱቄቱ፣ አንዳንዴም የንቦቹ እጭ ሳይቀር ባልዲው ውስጥ ይገባል። ዘመናዊው ላይ ንቧ እንጀራውን የሠራችበት ክፈፍ (ፍሬሙ) ይወጣና በማጣሪያው ማሽን ተሽከርክሮ ማሩ ብቻ ይወርዳል፤ እንጀራው ለንቦቹ ይመለስላቸዋል። እነዚህን ሁለቱን እንዳሉ መዝኖ ማወዳደር ጤፍ ከነእብቁ ከተነፋ ጤፍ ጋር እንደ መመዘን ነው። ባህላዊው ከእውነቱ ይልቅ የከበደ ይመስላል።

«ከባህላዊው ላይ ለሰፈፉ ይህን ያህል ልቀንስለት» የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር። አይሆንም። ከአንዱ ቀፎ የሚወጣው ሰፈፍ ከሌላው እኩል አይደለም፤ በግምት የተቀነሰ ቁጥር ግምት እንጂ ልኬት አይሆንም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ቀፎ ማር በየባልዲው ለይተን፣ በጨርቅ አጥልለን፣ እስኪወርድ ጠብቀን መዘንን። አንዱ ቀን ያለቀው እዚህ ላይ ነው። እናቴ የቀረውን ሰፈፍ ሰብስባ ድስት ውስጥ ከተተችው፤ እኔ ትኩረት አልሰጠሁትም።

ጊዜውም አንድ መሆን አለበት። የኅዳር ማር የአደይ አበባና የኑግ ማር ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ሲለብስ ንቧ የሰበሰበችው። የአንዱን ቀፎ የኅዳር ቆረጣ ከሌላው የሰኔ ቆረጣ ጋር ብታስተያዩ ያወዳደራችሁት ቀፎዎቹን ሳይሆን ወራቱን ነው።

ሦስተኛ፦ እንደመጣ ጻፉ፣ ቁጠሩም

በቆረጣው ቅደም ተከተል የጻፍሁት ይህን ይመስላል፣ በኪሎ፦

ባህላዊ፦ 6፣ 9፣ 5፣ 4፣ 8፣ 5፣ 7
ዘመናዊ፦ 15፣ 0፣ 20፣ 14፣ 18፣ 0፣ 12፣ 17

ከጎናቸው ብዛታቸውን ጻፉ፦ ባህላዊ 7፣ ዘመናዊ 8። ይህ ቁጥር በኋላ ዘበኛ ይሆናችኋል። የሁለቱ ዝርዝር ብዛት እኩል አለመሆኑ አያስጨንቅም፤ ሜዲያን የየራሱን ሰልፍ መሀል ነው የሚፈልገው።

አራተኛ፦ ከትንሽ ወደ ትልቅ አሰልፉ

ተማሪዎቼ በብዛት የሚወድቁት እዚህ ነው። የባህላዊውን ዝርዝር እንደተጻፈ ብትተዉትና መሀሉን ብትወስዱ አራተኛው ቁጥር 4 ነው። 4 ደግሞ ከሰባቱ ሁሉ ትንሹ ነው! ያልተሰለፈ ዝርዝር መሀል ምንም ትርጉም የለውም፤ የሚነግራችሁ ማን ከማን ቀድሞ እንደተቆረጠ ብቻ ነው።

ሲሰለፉ፦

ባህላዊ፦ 4፣ 5፣ 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9
ዘመናዊ፦ 0፣ 0፣ 12፣ 14፣ 15፣ 17፣ 18፣ 20

5 ሁለት ጊዜ ስለመጣ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። «አንዴ ጽፌዋለሁ» ብሎ መዝለል አንድ ቀፎ መስረቅ ነው። አሁን መልሳችሁ ቁጠሩ፦ 7 እና 8። ከበፊቱ ጋር ከገጠመ ወደፊት፤ ካልገጠመ ከመጀመሪያው ዝርዝር ላይ እያንዳንዱን እየሰረዛችሁ እንደገና አሰልፉ።

አምስተኛ፦ መሀሉን ፈልጉ

ብዛቱ ኢተጋማሽ ሲሆን፣ ማለትም ለሁለት ሲካፈል አንድ ሲተርፍ፣ ሥራው ቀላል ነው። ከሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ እየሰረዛችሁ ወደ ውስጥ ግቡ። 4ን ከ9 ጋር፣ 5ን ከ8 ጋር፣ ሌላውን 5 ከ7 ጋር ሰርዙ። ብቻውን የቀረው 6 ነው። የባህላዊው ሜዲያን 6 ኪሎ።

በቀመር ለሚመርጥ፦ ብዛቱ ላይ 1 ደምሩና ለ2 አካፍሉ። (7+1)÷2=4። ልብ በሉ፣ 4 መልሱ አይደለም፤ የቦታ ቁጥር ነው። «በሰልፉ አራተኛ የቆመው ማን ነው?» ብላችሁ ሂዱና 6ን ታገኛላችሁ። የፈተና ወረቀት ሳርም በየዓመቱ «ሜዲያኑ 4 ነው» የሚል መልስ አያጣኝም።

ብዛቱ ተጋማሽ ሲሆን መሀል ላይ የሚቀሩት ሁለት ናቸው። ከዘመናዊው 0ን ከ20፣ ሌላውን 0 ከ18፣ 12ን ከ17 ጋር ስንሰርዝ 14 እና 15 ይቀራሉ። ቀመሩም (8+1)÷2=4.5 ይላል፤ ይህ አራተኛውና አምስተኛው መካከል ማለት ነው። ሁለቱን ደምራችሁ ለሁለት አካፍሉ፦ (14+15)÷2=14.5። የዘመናዊው ሜዲያን 14 ኪሎ ተኩል።

14.5 ኪሎ የሰጠ ቀፎ የለም፤ ይህም ምንም አይደለም። ሜዲያን ከተጻፉት ቁጥሮች አንዱ የመሆን ግዴታ የለበትም። የመሀል ሁለቱ እጅግ ሲራራቁ ግን፣ ለምሳሌ 3 እና 15 ሲሆኑ፣ ሜዲያኑ 9 ይሆናል፤ 9 አካባቢ ደግሞ አንድም ቀፎ የለም። እንዲህ ሲሆን ሜዲያኑን ብቻ ሳይሆን ሁለቱንም የመሀል ቁጥሮች መናገር ይሻላል።

ስድስተኛ፦ ስለ ዜሮ

እዚህ ደርሼ ደብተሬን ይዤ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። «ባህላዊው 6፣ ዘመናዊው 14 ተኩል። ልዩነቱ 8 ኪሎ ተኩል» አልሁት።

ትንሽ ዝም ብሎ «ግራሩ ላይ ያሉት ሁለቱስ?» አለኝ።

«እነዚያ እኮ ባዶ ናቸው አባ። ንቦቹ ጥለዋቸው ሄደዋል።»

«ከአጥሩ ጥግ ያሉት ሁለቱስ? ባዶ አይደሉም?»

ነገሩ ገባኝ። ዘመናዊዎቹ ቁጥር ስለተቀባባቸው ከ1 እስከ 8 በተራ እየሄድሁ ባዶ ያገኘሁትን «0» ብዬ ጽፌአለሁ። ግራሩ ላይ የተሰቀሉት ግን ቁጥር የላቸውም፤ ባዶ መሆናቸው ከታች ስለሚታወቅም ማንም አልወጣባቸውም። ያልተወጣበት ደግሞ ደብተር ውስጥ አልገባም። ለአንዱ ወገን ባዶውን ቆጥሬ ለሌላው ትቼ ነበር። ስሌቴ ሁሉ ትክክል፣ ውድድሩ ግን አድሏዊ።

ዜሮ ይቆጠር አይቆጠር የሚለውን የሚወስነው ጥያቄው ነው። ሁለቱንም መንገድ ላሳያችሁ።

መንገድ አንድ፦ «ንብ ያለበት ቀፎ ስንት ይሰጣል?» ብለን ከጠየቅን ባዶዎቹ ከሁለቱም ወገን ይወጣሉ።

ባህላዊ፦ 4፣ 5፣ 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9፤ ሜዲያን 6
ዘመናዊ፦ 12፣ 14፣ 15፣ 17፣ 18፣ 20፤ ሜዲያን (15+17)÷2=16
ልዩነት፦ 10 ኪሎ

መንገድ ሁለት፦ «አንድ ቀፎ ሠርቼ ወይም ገዝቼ ንብ ባስገባበት ምን ልጠብቅ?» ካልን ንብ ጥሎ መሄድም የዕጣው ክፍል ነው፤ ባዶዎቹ ከሁለቱም ወገን ይገባሉ።

ባህላዊ፦ 0፣ 0፣ 4፣ 5፣ 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9፤ ዘጠኝ ናቸውና አምስተኛው፣ ሜዲያን 5
ዘመናዊ፦ 0፣ 0፣ 12፣ 14፣ 15፣ 17፣ 18፣ 20፤ ሜዲያን 14.5
ልዩነት፦ 9.5 ኪሎ

የመጀመሪያው መልሴ፣ 8.5፣ ከሁለቱ ጥያቄዎች የአንዱም መልስ አልነበረም። የአባቴ ጥያቄ ቀፎ ልጨምር ወይስ አልጨምር ስለሆነ ሁለተኛውን መንገድ ያዝን።

ከዜሮ ጋር የሚምታታ ሌላ ነገር አለ። ማሩ ተቆርጦ ሳይመዘን ባልዲው ቢደፋ ያ ቀፎ «0» አይባልም። ማር ሰጥቷል፤ ስንት እንደሆነ ነው ያልታወቀው። በእሱ ቦታ ሰረዝ አድርጉና ከሰልፉ አስወጡት፤ መውጣቱንም ከታች ጻፉ። «የለም» እና «አልታወቀም» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሰባተኛ፦ በባቄላና በሽምብራ እዩት

ሜዲያኖቹን ከማወጃችሁ በፊት ቁጥሮቹን በዓይን እዩ። እኔ ደጃፉ ላይ በአመድ ረጅም መስመር አሰመርሁና ከ0 እስከ 20 ምልክት አደረግሁበት። ለእያንዳንዱ ባህላዊ ቀፎ ከመስመሩ በላይ አንድ ባቄላ፣ ለዘመናዊው ከመስመሩ በታች አንድ ሽምብራ። ሁለት ቀፎ እኩል ከሰጡ ጥራጥሬው ይደራረባል።

ባቄላዎቹ ከ4 እስከ 9 ተጠጋግተው ተቀመጡ፤ ሁለቱ ብቻ ዜሮ ላይ ቀሩ። ሽምብራዎቹ ከ12 እስከ 20 ተዘረጉ፤ ሁለቱ ዜሮ ላይ። በዜሮና በ12 መካከል አንድም ሽምብራ የለም። ዘመናዊው ቀፎ ወይ ደህና ይሰጣል ወይ ምንም አይሰጥም፤ መካከለኛ የለውም። ይህን 14.5 የሚለው ቁጥር ብቻውን መቼም አይነግራችሁም። ወረቀት ላይ በነጥብ ቢሠራም ያው ነው፤ ዶሮዎቹ እንዳይለቅሙት ወረቀቱ ይሻላል።

ስምንተኛ፦ ልዩነቱ ትልቅ ነው?

9.5 ኪሎ ትልቅ ነው ትንሽ? ለብቻው አይታወቅም። ከቁጥሮቹ መበታተን ጋር መለካት አለበት። የራሳቸው የቀፎዎቹ ልዩነት 20 ኪሎ ድረስ የሚሄድ ከሆነ 2 ኪሎ የሜዲያን ልዩነት ወሬ አይሆንም፤ ቀፎዎቹ ሁሉ በ1 ኪሎ ውስጥ ከተቀራረቡ ግን ያው 2 ኪሎ ብዙ ነው።

መበታተኑን ለመለካት ሰልፉን መሀል ላይ ክፈሉትና የየግማሹን ሜዲያን አውጡ። ባዶ ሳይጨመር በባህላዊው ልጀምር። 6 ሜዲያኑ ስለሆነ ይነሣል፤ የታችኛው ግማሽ 4፣ 5፣ 5 ነው፣ ሜዲያኑ 5፤ የላይኛው 7፣ 8፣ 9 ነው፣ ሜዲያኑ 8። 8−5=3። የመሀለኛው ግማሽ ስፋት 3 ኪሎ ነው እንላለን። በዘመናዊው የታችኛው 12፣ 14፣ 15፣ ሜዲያኑ 14፤ የላይኛው 17፣ 18፣ 20፣ ሜዲያኑ 18፤ ስፋቱ 4። የሜዲያን ልዩነቱ 10 ነው፤ ሰፊውን ወስደን 10÷4=2.5። ልዩነቱ ከመበታተኑ ሁለት ተኩል እጥፍ ነው ማለት ነው፤ ባቄላና ሽምብራው እንኳ አይነካኩም።

ባዶዎቹ ሲገቡ ግን ሥዕሉ ይለወጣል። የባህላዊው የታችኛው ግማሽ 0፣ 0፣ 4፣ 5 ስለሆነ ሜዲያኑ 2፤ የላይኛው 6፣ 7፣ 8፣ 9 ስለሆነ 7.5፤ ስፋቱ 5.5። የዘመናዊው የታችኛው 0፣ 0፣ 12፣ 14፣ ሜዲያኑ 6፤ የላይኛው 15፣ 17፣ 18፣ 20፣ ሜዲያኑ 17.5፤ ስፋቱ 11.5። አሁን 9.5÷11.5 ከ1 በታች ነው፣ 0.8 ገደማ። ዘመናዊው አሁንም ይበልጣል፤ ግን «የገዛ ሁሉ ይህን ያገኛል» ማለት አይቻልም። ስፋቱን የነፉት ሁለቱ ጥለው የሄዱ መንጋዎች ናቸው። አባቴ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው «ለምን ሄዱ?» የሚለውን ነበር።

(ብዛቱ ኢተጋማሽ ሲሆን የመሀሉን ቁጥር ከሁለቱም ግማሾች የሚያስቀሩ አሉ፣ እንደ እኔ፤ በሁለቱም ውስጥ የሚያስገቡም አሉ። አንዱን ይዛችሁ ለሁለቱም ዝርዝር ያንኑ ተጠቀሙ።)

ዘጠነኛ፦ አንድ እያነሣችሁ ሞክሩ

ዝርዝሩ ትንሽ ሲሆን አንድ ቀፎ ብቻውን ሜዲያኑን ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ስንት ያንቀሳቅሳል? አንድ ቁጥር አንሡና ሜዲያኑን አውጡ፤ መልሱትና ሌላ አንሡ። በዘጠኙ ባህላዊ ቀፎዎች ላይ ሲሞከር ሜዲያኑ ከ5 እስከ 5.5 ብቻ ይመላለሳል። በስምንቱ ዘመናዊ ላይ ከ14 እስከ 15። የትኛውም ቀፎ ቢነሣ ሁለቱ አይቀራረቡም። ሜዲያኖቹ በዚህ ሙከራ ቢቀያየሩ ወይም ቢነካኩ ኖሮ አባቴን «ሌላ ዓመት እንመዝን» ነበር የምለው። ለትንሽ ዝርዝር ከዚህ የበለጠ ቀላልና ሐቀኛ ፈተና አላውቅም።

አማካይ የሚሻልበት ቦታ

ሜዲያንን የወደዱ ሰዎች አማካይን መናቅ ይጀምራሉ። እኔም ጀምሬ ነበር።

የሜዲያን ጥንካሬው ይህ ነው፦ 20ን ስጽፍ እጄ ስቶ 200 ብዬ ቢሆን ኖሮ የዘመናዊው አማካይ ከ12 ተነሥቶ 34.5 ይደርስ ነበር፤ ሜዲያኑ ግን እዚያው 14.5 ላይ ይቆያል። (ይህ ስሕተቱን አያርመውም፤ እንዲያውም ይደብቀዋል። ስለዚህ ጫፍና ጫፍ ያሉትን ቁጥሮች ሁልጊዜ መልሳችሁ አረጋግጡ።)

ድክመቱ ደግሞ ገንዘብ ላይ ይታያል። ስምንቱ ዘመናዊ ቀፎዎች በጠቅላላ የሰጡት 96 ኪሎ ነው። አማካዩ 12 ነው፤ 12×8=96፣ ልክ ይገጥማል። ሜዲያኑን በ8 ብታባዙ ግን 116 ይመጣል። 20 ኪሎ የሌለ ማር! በዚህ ተማምኖ ብድር የወሰደ ሰው ገበያ ላይ ያፍራል። «አንድ የተለመደ ቀፎ ምን ይመስላል?» ካላችሁ ሜዲያን፤ «በጠቅላላ ስንት ጀሪካን ይሞላል?» ካላችሁ አማካይ።

በ1907 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ያወጣው ጽሑፍ ሁለቱን ጎን ለጎን ለማየት ይመቻል። በፕሊመዝ ከተማ የከብት ትርኢት ላይ ሰዎች አንድ በሬ ታርዶ ሲሰናዳ ስንት እንደሚመዝን በየወረቀታቸው ገምተው ነበር። ጋልተን 787 ወረቀቶችን አሰለፈና መሀሉን አወጣ፦ 1,207 ፓውንድ። በሬው የመዘነው 1,198። ስሕተቱ ከመቶ አንድ አይሞላም። አማካዩ ሲወጣ ደግሞ 1,197 ሆነ፣ ይባስ ብሎ የቀረበ። በእኛም ገበያ በሬውን በዓይኑ ብቻ አይቶ ሥጋውን የሚገምት ስንት አለ! ወረቀት ሰጥቶ የሰበሰባቸው ግን አላየሁም።

በስልክ ወይም በኮምፒውተር

ኤክሴልና መሰሎቹ የሠንጠረዥ ፕሮግራሞች ሜዲያንን በአንድ ትእዛዝ ያወጣሉ፤ ማሰለፉንም ራሳቸው ይጨርሱታል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ባዶ የተተወን ሳጥን አይቆጥሩም፤ 0 የተጻፈበትን ግን ይቆጥራሉ። ስድስተኛው ላይ ያየነው ጣጣ ሁሉ እዚህ በአንድ ጣት ይወሰናል።

እናንተ ሞክሩት

ሁለት የክፍል ምድቦች ተማሪዎች ከቤት ትምህርት ቤት ለመድረስ የሚፈጅባቸው ደቂቃ ነው፤ ለልምምድ የፈጠርኋቸው ቁጥሮች ናቸው።

ምድብ ሀ፦ 40፣ 30፣ 25፣ 45፣ 35፣ 30፣ 40
ምድብ ለ፦ 90፣ 10፣ 35፣ 5፣ 75፣ 20፣ 60

አሰልፉ፣ መሀሉን አውጡ፣ የመሀለኛውን ግማሽ ስፋት አስሉ። ከዚያ «የትኛው ምድብ ይርቃል?» የሚለውን መልሱ።

መልሱ ይኸውና። ሀ ሲሰለፍ 25፣ 30፣ 30፣ 35፣ 40፣ 40፣ 45፤ ለ ደግሞ 5፣ 10፣ 20፣ 35፣ 60፣ 75፣ 90። የሁለቱም ሜዲያን 35 ደቂቃ ነው። «እኩል ናቸው» ብላችሁ ደብተሩን እንዳትዘጉት። የምድብ ሀ ስፋት 40−30=10፣ የምድብ ለ 75−10=65። ምድብ ለ ውስጥ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የሚኖር ልጅና በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል የሚጓዝ ልጅ አብረው ተቀምጠዋል። ማን ደወል ያልፈዋል ብላችሁ ብትጠይቁ ሜዲያኑ ዝም ይላል፤ ስፋቱ ይናገራል።

ለአባቴ የነገርሁት

ማወዳደሪያችሁ ሲያልቅ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡት፤ ምን እንደተመዘነ፣ መቼ፣ ምን እንደተቆጠረ ይኑርበት። የእኔ ይህ ነበር፦ «በዘንድሮው የኅዳር ቆረጣ፣ ባዶ የቀሩት ጭምር ተቆጥረው፣ የባህላዊ ቀፎዎችህ ሜዲያን 5 ኪሎ የተጣራ ማር ነው፣ የዘመናዊዎቹ 14 ተኩል፤ ዘመናዊው ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ ግን ከስምንቱ ሁለቱ ንብ ጥሏቸው ሄዷል።» «ዘመናዊ ስለሆነ ነው የበለጠው» አላልሁም። ጠንካሮቹን መንጋዎች መርጦ ወደ ዘመናዊው ያዛወራቸው እሱ ራሱ ነው፤ ማሩ የሳጥኑ ይሁን የመንጋው ከእነዚህ ቁጥሮች አይለይም።

አባቴ ሰማኝና ሁለት ዘመናዊ ቀፎ እንደሚጨምር ነገረኝ። «ባህላዊዎቹን ግን አላወርዳቸውም» አለ።

«ለምን? 5 ኪሎ እኮ ነው።»

ወደ እናቴ ድስት ጠቆመኝ። ሰፈፉ ቀልጦ፣ ተጣርቶ፣ ቢጫ ሰም ሆኖ ረግቷል። «የጧፉስ? ከየት ሊመጣ ነው? ከዚያ ሳጥን ሰም ስንት ይወጣል? እሱን መዘንኸው?»

አልመዘንሁትም። ደብተሩን መልሼ ከፈትሁና ከማሩ ጎን ሌላ ዓምድ አሰመርሁ፤ ራሱ ላይ «ሰም፣ በግራም» ብዬ ጻፍሁ። እስከሚቀጥለው ኅዳር ባዶ ነው፤ ዜሮ አልጻፍሁበትም።